ለፈረሴ ገብስ ያስቀመጥኩበት ክረምት

(አያ ስሜነህ እንጅባራ ባለው የቀርከሃ ሥራ ቤታቸው፣ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታ፣ የራሳቸውን የቀርከሃ ሥራ ለጀመሩት ለህብስትና ለደረጀ ያጫወቱት ነው። ከአንደበታቸው እንደወጣ ተጽፏል።)

እኛ ይህን ሥራ በያዝንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ የሐምሌ አቦ ካለፈ የቀርከሃ ቤት ይዘጋል። ይዘጋል በቃ። ማን እንደደነገገው አላውቅም፣ አባቴም ይዘጋ ነበር፣ እኔም እዘጋ ነበር፣ እና ሠራተኛውን ሰብስበህ «በሉ እግዜር ያገናኘን፣ መስከረም ላይ ኑ» ትላለህ፣ እሱም «አሜን» ይልና ይሄዳል። የት ሄደ? ምን በላ? አትጠይቅም። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም። አሁን እናንተ መጥታችሁ «አያ፣ የጉልበት ዋጋ ሊጨምር ነው አሉ፣ ክረምቱም ገባ፣ አራቱን ሠራተኞቻችንን አሰናብተን መስከረም ላይ ብንጠራቸው ምን ይመስልዎታል?» ስትሉኝ እኔን ራሴን ነው ያየሁት። አንች ህብስት፣ አትሳቂ። እኔን ነው ያየሁት። ደረጀም ቁጭ በል፣ በዚህ ዝናብ ባጃጅ አታገኝም።

እዚያ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶን ቀርከሃ የሚሰነጥቀውን ታዩታላችሁ? ጌትነት ይባላል። የዘንገና ሰው ነው፣ ቤቱ ከሐይቁ ወዲያ ነው። የምነግራችሁ ስለ እሱ ነው። አትሳቀቁ፣ አይሰማንም። ለምን እንደማይሰማን ነው የምነግራችሁ።

ጌትነት መሬት የለውም። ያባቱን መሬት ወንድማማቾች ሲካፈሉት ለእሱ የደረሰው ጎጆ መቀለሻና የድንች ጓሮ ነው። እጅ ግን ሰጥቶታል። ጆሮም ሰጥቶት ነበር። ገበሬው ቀርከሃ ጭኖ ሲመጣ እኔ ዋጋ እከራከራለሁ፣ እሱ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ አንድ ባንዱን በጣቱ አንጓ ቆ፣ ቆ፣ ቆ ያደርገዋል። ደብ ካለ «ይኼ ልጅ ነው፣ ይመለስ» ይላል። ቅው ካለ «ይግባ» ይላል። ጆሮውን አስጠግቶ ነበር የሚሰማው። እኔ አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እንደሱ ያለ ጆሮ አላየሁም። ታዲያ ያ ጆሮ ለእኔ ይሠራ ነበር፣ እኔ ግን የምከፍለው ለእጁ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ነው፣ ሚያዝያ ላይ ይመስለኛል፣ እዚህ ከተማ ግንባታው በረከተ፣ እና የቀን ሠራተኛ ዋጋ ወጣ። ድንጋይ የሚያቀብለው ሰው ቀርከሃ ከሚጎነጉነው የበለጠ ያገኝ ጀመር። ሠራተኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ ሲንሾካሾኩ አያለሁ። አያለሁና አላየሁም እላለሁ። በመጨረሻ አራቱ ጌትነትን ገፋፍተው ላኩት። መጣ፣ ቆቡን አወለቀና፣ እንዲህ አለኝ፦

«አያ፣ ዋጋው እንደጨመረ ሰምተዋል። እኛ ዛሬውኑ ይጨመርልን አላልንም። ብቻ የሚጨምሩልን ከሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይንገሩን። የማይጨምሩልንም ከሆነ ይንገሩን። እንወቀው።»

እንወቀው ነው ያለኝ እኮ! ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «መስከረም ላይ እናየዋለን።» ምን እንደማይ እኔም አላውቀው። በዚያው ሰሞን አንዲት የሆቴል ባለቤት መጥታ ለጥር በዓል እንግዶች ብዙ ወንበርና ጠረጴዛ አዝዛኝ ነበር። እና የጉልበት ዋጋ እየወጣ መሆኑን እያወቅኩ በድሮው ዋጋ እሽ ብዬ ተስማማሁላት። ደንበኛዬ እንዳትሄድብኝ ብዬ። አያችሁ፣ ለሷም እውነቱን አልነገርኩ፣ ለነሱም አልነገርኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ክረምቱ ላይ ደረስኩ።

አቦ አለፈ። በማግስቱ ሰበሰብኳቸው። ዝናቡ ልክ እንደዛሬው ነው፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። «በሉ እግዜር ያገናኘን» አልኩ። አራቱ ሄዱ። ጌትነት ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«አያ፣ ባንቺአየሁ ወር ገብታለች።» ሚስቱ ናት ባንቺአየሁ።

«እሰይ፣ ማርያም ትቅረባት።»

«አሜን። አያ፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን ብሠራ? ይኼ የተከመረው ደረቅ ቀርከሃ አለ። ስንጠቃውንና ፍቂያውን ክረምቱን ልጨርስልዎት፣ መስከረም ላይ መግጠም ብቻ ይቀራል። ግማሹን ይክፈሉኝ።»

እኔ ደግሞ ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። «አንተ ሰው፣ በዚህ ጭቃ ማን ወንበር ይገዛል ብለህ ነው?» አልኩት። ታዲያ እንደዚህ ብዬው አልበቃኝም። በሩ አጠገብ አንድ ማዳበሪያ ገብስ ነበር፣ ለፈረሴ የገዛሁት። «እግረ መንገድህን ይህችን እቤቴ አድርስልኝ» አልኩት። ቤቴ ደግሞ በእሱ መንገድ አይደለም፣ ታውቃላችሁ፣ በተቃራኒው ነው።

ስለ ፈረሱ ልንገራችሁ። ዳማ ፈረስ ነው፣ እንደሱ ያለ በዚህ ዙሪያ አልነበረም። የኛን የአዊን ሰው ታውቁታላችሁ፣ ፈረስ ካለው ሰው ነው። ጥር ላይ ለጊዮርጊስ እሸልመዋለሁ፣ ጉግስ እወጣለሁ፣ ሰው «የማን ፈረስ ነው?» ይላል፣ «የአያ ስሜነህ» ይባላል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ለዚያች ቀን ብዬ ዓመቱን ሙሉ አበላዋለሁ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ብርዱ እንዳያከሳው ገብስ እጨምርለታለሁ።

ጌትነት ማዳበሪያውን ተሸከመ። ሊወጣ ሲል ዝናቡ ወረደ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የለበሳትን ጋቢ አውልቆ ገብሱን አለበሰው። ገብሱን! ገብሱ እንዳይረጥብ። እሱ በሸሚዝ ሄደ። እኔ በበሩ ላይ ቆሜ አየሁት። «ጋቢህን ልበስ» አላልኩትም። ባለቤቴ ማታ ስገባ «ያ ሰውዬ እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ እሳት ሙቅ ብለው እምቢ ብሎኝ ሄደ» ስትለኝ፣ «ወጣት ነው፣ ምንም አይለውም» አልኳት። ይኸው እንዲህ ነው ያልኩት። እንዳለ ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ ጌትነት ምን አደረገ? ቆላ ወረደ። ለአረም። ደጋው ሥራ ሲዘጋ ሰው ቆላ ይወርዳል፣ ሰሊጥ ሊያርም። ክረምት፣ ቆላ፣ ወባ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እኔ እዚህ በነሐሴ እያሰላሁ ነው። እንዲህ እላለሁ፦ መስከረም ላይ ዋጋ መጨመሬ አይቀርም፣ የሆቴሏን ሥራ በድሮው ዋጋ ይዣለሁ፣ ታዲያ ከየት ላምጣው? ያን ጊዜ አንድ የቸገረው ገበሬ መጣ። «አያ፣ ቀርከሃ ልቁረጥልዎት፣ በግማሽ ዋጋ ይውሰዱት።» በነሐሴ! እናንተ ወጣት ናችሁ ግን ይህን ታውቃላችሁ፣ ክረምት ቀርከሃ ውስጥ ሰው አይገባም። ቡቃያው የሚወጣበት ጊዜ ነው፣ በእግርህ ትሰብረዋለህ፣ የቆመውም ውኃ ጠግቦ ነው ያለው፣ ነቀዝ ይወደዋል። ይህን በዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ግን ርካሽ ነገር ሲያይ ሰው ለራሱ ምክንያት አያጣም፣ «ጭስ ላይ አደርገዋለሁ፣ ጭስ ነቀዝ ይገላል» አልኩ። ጌትነት ቢኖር ገና ከመኪና ሲወርድ ቆ ቆ ያደርገውና «አያ፣ ይኼ ይመለስ» ይለኝ ነበር። እና እሰማው ነበር። ግን ራሴ ነኝ ያሰናበትኩት።

መስከረም መጣ። ከአራቱ ሁለቱ ግንባታ ገብተው ቀርተዋል። «አያ ሚያዝያ ላይ ቢነግሩን እንጠብቅ ነበር» ነው ያሉኝ፣ መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ በትህትና። የጌትነት ወሬ የለም። ታዲያ ሥራው ስላስቸኮለኝ አዲስ ሰው ፈለግኩ። ያ «እናየዋለን» ያልኩትን ዋጋ፣ ከዚያም በላይ፣ ቀርከሃ ይዞ ለማያውቅ ሰው ከፈልኩ። ወንበሩ ተሠራ፣ ቫርኒሽ ተቀባ፣ ሲያዩት ያምራል። ኅዳር ላይ አስረከብኩ።

ጥር ላይ ስልኬ ጮኸ። የሆቴሏ ባለቤት ናት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ «አያ… ወንበሮችዎ… ዱቄት…» ትላለች።

«ምን ዱቄት?»

«እየፈጩ ነው እኮ! ጧት ጧት ልጅቱ ከወንበሮቹ ሥር ዱቄት ትጠርጋለች!»

ነቀዙ ነው። ከውስጥ ይበላና ዱቄቱን በቀዳዳው ያፈሰዋል። በሳምንቱ አንድ ገዘፍ ያሉ እንግዳ ከነወንበሩ ወደቁ፣ ተመስገን አልተሰበሩም። ሁሉም ወንበር በጭነት መኪና ተመለሰልኝ። እዚህ በር ላይ አራገፉት፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እያየ። አርባ ዓመት የሠራሁበት ስሜ እዚህ በር ላይ ተከመረ። ወንበሩን አቃጠልኩት።

ያን ጊዜ ነው ጌትነት ትዝ ያለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እንዴት ሆኖ ይሆን ብዬ አልነበረም፣ ስለቸገረኝ ነው። ለሆቴሏ ባለቤት ሥራውን እንደገና ልሠራላት ቃል ገብቻለሁ፣ እና የሱ እጅ ያስፈልገኛል። የበዓሉ ሰሞን ስለነበረ ፈረሴን ጫንኩት፣ ከነሽልማቱ፣ ተቀምጬ ወደ ዘንገና ሄድኩ። ሐይቁን ዞሬ፣ ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ።

ባንቺአየሁ ልጅ አዝላ ድንች ትልጣለች። ተነሳች፣ ሰላም አለችኝ፣ በርጩማ አወጣችልኝ፣ እሱ የሠራት በርጩማ ናት። ጌትነት ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። «ጌትነት!» አልኩ። አልዞረም። «ጌትነት፣ እንደምን ሰነበትክ?» አልኩ። ዝም። እኔ የተቀየመኝ መሰለኝ። ሦስተኛ ልጠራው ስል እሷ፦

«አይሰማም፣ አያ። ወባው ራሱ ላይ ወጣበት። ጎረቤቶቻችን ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት፣ ነፍሱን አተረፉልን። ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ እምቢ አለ። በጣም ከተጮኸበት ትንሽ ትንሽ ይሰማል።»

ጆሮው! ስንት የአካል ክፍል እያለው፣ ጆሮው!

እሷ ደግሞ ፈረሱን ታያለች። ሳትቆጣ፣ ሳትጮህ፣ እንዲህ አለች፦

«ፈረሱ አምሮበታል።»

«ተመስገን» አልኩ።

«የሚጋልቡት ጥር ላይ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ክረምቱን አይሠራም?»

«ምን ይሠራል፣ ጋጣ ነው።»

«ሥራ የለም ብለው ግን አላሰናበቱትም» አለች። «ገብሱን ጌትነት ነው ተሸክሞ ያደረሰልዎት። ነግሮኛል።»

ይኸን ብላ ድንቿን መላጥ ቀጠለች። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከፈረሱ ወርጄ በርጩማዋ ላይ መቀመጤን እንኳ ረስቼዋለሁ፣ ልጓሙን ገና በእጄ እንደያዝኩ ነበርኩ። ልጁ ነሐሴ ላይ ነው የተወለደው፣ አባቱ ቆላ እያለ። እኔ ያን ጊዜ ርካሽ ቀርከሃ እየገዛሁ ነበር።

ጌትነት በኋላ አየኝ። ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። እኔም በምልክትም በጩኸትም «ሥራ ተመለስ፣ ዋጋውም ጨምሯል» አልኩት። አየኝ፣ አየኝና፣ ድምፁን መመጠን ስለማይችል ጮኾ፦

«ክረምትስ፣ አያ?»

ክረምትስ! ፈረሱ እንኳ ደነገጠ። ዋጋው ስንት ሆነ አላለም። ክረምትስ ነው ያለው። «ክረምትም!» ብዬ ጮህኩ። ባንቺአየሁ ያን ጊዜ ነው ከድንቿ ቀና ያለችው።

ታዲያ ቃል መግባት ቀላል ነው፣ ማድረግ ነው እንጂ። እንዴት እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ ስሙኝ። በዚያው በየካቲት ደረቁን ቀርከሃ አስቆርጬ፣ ከጀርባ ይኸን የምታዩትን ዳስ ሠርቼ ከመርኩት፣ ሐምሌንና ነሐሴን የሚያሠራ። ሚያዝያ ላይ ሁሉንም ሰበሰብኩና «ወንበር የምሸጠው በዚህ ነው፣ ቀርከሃ የምገዛው በዚህ ነው፣ ከሰኔ ጀምሮ ይህን ያህል እጨምራለሁ፣ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም» አልኳቸው። ሸፋፍኜ አይደለም፣ ገልጬ። አንዱ አጉረመረመ፣ ግን ማንም አልሄደም። ለደንበኞቼም አስቀድሜ «ከሰኔ በኋላ ዋጋው ይኸ ነው» አልኩ። የሆቴሏ ባለቤት ተቆጣች፣ ኋላ ግን «አሁንስ እውነቱን ነገሩኝ» ብላ አዘዘች።

ክረምቱን በግማሽ ቀን አደረግነው። ጧት ረፈድ ብለው ይመጣሉ፣ ከሰዓት በረዶው ሳይወርድ ይሄዳሉ። መሬት ያለው ለአረሙ ተራ ይወስዳል። ለሁሉም ቦቲ ጫማ ገዛሁ፣ ማንደጃው ከጧት ይነድዳል፣ ምሳ ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ከኔ ነው። ትናንሽ ነገር እንሠራለን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ቅርጫት፣ ጥቅምት ላይ ተማሪው ሲመጣ የሚገዛውን። የመጀመሪያው ክረምት አላዋጣኝም፣ ወይፈን ሸጬ ነው የከፈልኳቸው። ፈረሱን ልሸጠው አስቤ ነበር። አልሸጥኩትም፣ አንጀቴ አልቻለም፣ እዚያ ላይ ቅዱስ ነኝ አልልም። በሁለተኛው ክረምት ግን ራሱን ቻለ። ሰው እጄ ላይ አለ፣ መስከረም ሲጠባ ሰው ፍለጋ አልዞርም።

ጌትነትን ደግሞ እዩት። አሁን፣ አሁን እዩት፣ አዲስ ቀርከሃ አነሳ። ጫፉን ጥርሱ ላይ አስደገፈ፣ አያችሁት? በጣቱ ቆ ቆ ያደርገዋል፣ ንዝረቱን በጥርሱ ነው የሚሰማው። ማንም አላስተማረው፣ ራሱ ነው ያገኘው። ይኸው አሁን «ይመለስ» ብሎ ወደዚያ ጣለው። ትክክል ነው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አውቄዋለሁ።

እና ልጆቼ፣ እኔ የምላችሁ ይኸን ነው። ዋጋ መውጣቱ አይቀርም፣ ክረምትም መምጣቱ አይቀርም፣ ሁለቱም ሳይታሰቡ የመጡበት ዘመን የለም። ያልታሰበው ሰውዬው ነው። እኔ ለፈረሴ አስቤ ነበር።

ደረጀ፦ «አያ፣ እኛ ደረቅ ቀርከሃ ብዙ የለንም እኮ።»

ከኔ ዳስ ውሰዱ። መስከረም ላይ ትተኩልኛላችሁ፣ ነሐሴ የተቆረጠ ግን እንዳታመጡብኝ።

ደረጀ፦ «እሽ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አራቱንም ሰብስበን እንነግራቸዋለን። የምንችለውንም የማንችለውንም።»

እንዲያ ነው። እንወቀው ነው የሚሉት፣ ሌላ ምን አሉ።

ህብስት፦ «አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ጌትነትን ይቅርታ ጠይቀውታል?»

ጠይቄዋለሁ። …ጠይቄዋለሁ እንጂ። ተመልሶ ሥራ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ እዚሁ በር ላይ። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብዬዋለሁ። ግን… በሩ ክፍት ነበር፣ ጊዜውም የገበያ ቀን፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ብጮህ ሰዉ ይሰማል ብዬ አፈርኩ። በቀስታ ነው ያልኩት። እሱም ፈገግ ብሎ «እሽ አያ» አለኝና ቀርከሃ አቀብለኝ ያልኩት መስሎት አንድ አቀበለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ።

ህብስት፦ «ዛሬ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ አያ። ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ይነሱ፣ ጮክ ብለው ይንገሩት።»